ድንኳኑ እዚህ፣ ወንበሩ እዚያ

ጁባ ስምንት ሳምንት ስቆይ የምሄድባት መኪና በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስንወጣና ስንገባ፣ ሥሯ በመስታወት ይታይ ነበር። የሆቴሉ ዘበኛ ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ የታሰረች ክብ መስታወት ይዞ መኪናዋን ይዞራታል፤ ጎንበስ ይልና ቦምብ ይፈልጋል። መኪናዋ ያቺው መኪና ናት። ሹፌሩ ያው ሹፌር ነው። እኔም ትናንት "ደህና እደር" ያልኩት ያቺው ሴት ነኝ። የምንሄደው ከድልድዩ ማዶ ሸሪካት ወዳለ አዳራሽ ነው፤ የምንመለሰውም ከዚያው ነው። ዘበኛው አይቶ ሲጨርስ "ተማም" ይላል፤ በጁባ አረብኛ ሁሉ ደህና ነው ማለቱ ነው። በሦስተኛው ቀን ወርጄ መስታወቷን አየኋት። አቧራ ከመጠጣቷ የተነሳ የመኪና ሥር ቀርቶ የገዛ ፊቴን አላሳይ አለችኝ። ነገርኩት። በእጅጌው ጠረግ አደረጋትና ሳቅ ብሎ "ተማም" አለኝ።

ማለዳ ማለዳ ደግሞ የቀጠረኝ ድርጅት የጸጥታ አማካሪ መልእክት ስልኬ ላይ ይገባል። "ሁኔታው የተረጋጋ ነው፤ ሆኖም ሊገመት አይችልም።" በየቀኑ ያው ነው፣ አንድ ቃል አይለወጥም። እሱማ የፈታሁት ባሌም የተረጋጋ ነበር፤ ሊገመትም አይችልም ነበር። ከዚህ መልእክት ተነስቼ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወጥቼ ሎሚ ልግዛ ወይስ አልጋ ሥር ልግባ፣ እስካሁን አልገባኝም።

የመጣሁት ሰላም ላስተምር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል። አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ለሰፈር አለቆች፣ ለመምህራንና ለሴቶች ማኅበራት የሚሆን የሥልጠና መጽሐፍ እንዳዘጋጅ፣ እያዘጋጀሁም እንድሞክረው ቀጠረኝ። ምዕራፍ አራት "ሽብርተኝነት ምንድን ነው?" ይላል። ትርጉሙን በአንድ አንቀጽ መጻፍ የኔ ድርሻ ነበር። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ያቺን አንድ አንቀጽ እየጻፍኩ እሰርዛለሁ። የተወለድኩባት ከተማ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ እንደተዛወረች ቆጠራው ጠፍቶብኛል። የገባው የወጣውን አሸባሪ ይለዋል፤ የወጣው ተመልሶ ሲገባ ደግሞ ቃሉን ለሌላው ያስረክባል። ከሁሉም ጋር ሳይወጣ ሳይገባ ቤቱ የተቀመጠው ሰው የሁሉም አሸባሪ ተባባሪ ነው፤ ለሁሉም ውሃ አጠጥቷላ። እንግዲህ ይህን እንዴት አድርጌ በአንድ አንቀጽ ልጻፈው?

በዚያች ከተማ እናቴና ታናሽ ወንድሜ አሉ። ወንድሜ ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ ከቤታችን በር ጎን ናት። የመጣ ሁሉ የተሰበረ ነገር ይዞ ነው የሚመጣ፤ እሱም ማን ነህ ሳይል ይጠግናል። አዲስ አበባ ና ብንለው "እማዬን ጥዬ?" አለ። እማዬን ነይ ብንላት "ቤቴን ጥዬ?" አለች። እሱ እሷን ሲጠብቅ፣ እሷ ቤቱን ስትጠብቅ ሁለቱም እዚያው ቀሩ። እኔ ጁባ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የከተማዋ ስልክ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ የምሰማው ነገር "ደህና ናቸው" ብቻ ሆነ። ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ ትደውላለች።

"ደህና ናቸው።"

"በምን አወቅሽ?"

"ሰው ነገረኝ።"

"ማን የሚባል ሰው?"

"ሰው ነዋ! አንቺ ደግሞ መርማሪ ነሽ እንዴ? እማዬ ደህና ናት አልኩሽ፤ አለቀ።"

እንዴት አምናለሁ? እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ሕንድ አገር ስማር አባቴ ሞተ፤ እኔ ግን አራት ወር ሙሉ አላወቅሁም። ስደውል "አባዬን አገናኙኝ" እላለሁ፤ "ጠበል ገብቷል፣ እዚያ ስልክ አይያዝም" ይሉኛል። ምን አሞት ስላቸው "ወገቡን ትንሽ።" ትንሽ ትንሽ እያለ አራት ወር! እኔም ሞኟ ከአንድ ሐኪም ጋር ተማክሬ የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ገዛሁለት። ጥሩ ላስቲክ ያለው፣ ውድ ቀበቶ ነበር። እሱን በሻንጣ ይዤ አዲስ አበባ ስወርድ እናቴና እህቴ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። የዚያን ዕለት ካለቀስኩት ይልቅ የተናደድኩት ይበዛል። እህቴን ሁለተኛ እንዳትደብቂኝ ብዬ አስማልኳት፤ በአባታችን አጥንት ማለች። መሓላዋን ግን ጁባ ሆኜ ሳስበው ምንም አላጽናናኝም። ስትምል ያየኋት ያቺው ሴት ነበረች አራት ወር ጠበል ስትለኝ የከረመችው።

ይህን ታሪክ አንድ ቀን ድልድዩ ላይ መኪና ተጨናንቆ ስንቆም ለሹፌራችን ነገርኩት። ሹፌሩ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ልጅነቱ ግን ጋምቤላ በስደተኞች ካምፕ ስላለፈ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። የሱ አባት በጦርነቱ ሲሞት እሱ አራተኛ ክፍል ነበር።

"በጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመን አንድ ሰው መጣና 'አባትህ ሞቷል' አለኝ። ከዚያ ደወል ተደወለ፤ ክፍል ገባሁ። ሒሳብ ነበር" አለኝ።

"ጭካኔ ነው" አልኩት።

"ጭካኔስ የእናንተ የሐበሾች ነው፣ እህቴ። እኔ አባቴ የሞተበትን ቀን አውቀዋለሁ። አንቺ ግን ለሞተ ሰው ቀበቶ ስትገዢ ነበር።"

የፊታችን የውሃ ቦቴ ሲንቀሳቀስ "ኻላስ፣ በቃ" ብሎ ማርሹን አስገባ።

ሸሪካት አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሥልጠና በተከፈተ ቁጥር አንድ ሰው እጁን ያወጣና "ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው" ይላል፤ ሁሉም ያጨበጭባል። በስምንት ሳምንት ውስጥ ዝሆኖቹ ሰለቹኝ፤ ሣሩም ሰለቸኝ። አንድ ቀን ግን ነጭ ወረቀት ለጥፌ "ሰላም ማለት ምን ማለት ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዲት እናት "ለማገዶ የወጣች ልጄ በሄደችበት መንገድ ስትመለስ" አለች። አንድ መምህር "ጩኸት ስሰማ ኳስ ጨዋታ ነው ብዬ ሳስብ" አለ። የሰፈር አለቃ የሆኑ ሽማግሌ ከሁሉም በኋላ ተነሱ። "ሰላም ማለት ሰው በእርጅና ሲሞት ነው" አሉ። ጽፌ ሳልጨርስ ጨመሩበት፦ "እኛ ጦርነቱ ሲብስብን ልጆቻችንን ወደ እናንተ አገር ነበር የምንልካቸው። አሁን እናንተ ልጆቻችሁን የት ትልካላችሁ?"

አዳራሹ ሁሉ አየኝ። በመጽሐፌ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ገጽ የለም። "ለሻይ እንውጣ" አልኩ። የሻይ ሰዓት ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር።

ተረቱ "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ይላል፤ የኔን ነገር ግን እንዲያውም ያሳንሰዋል። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ሐበሻ ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ጁባ ከገቡ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከተማዋ ውስጥ ሲተኮስ ሁለት ጊዜ ከእንግዶቻቸው ጋር ወጥ ቤት ወለል ላይ ተኝተው አሳልፈዋል። እንዲህ ያለ ነገር ያዩ ሴት ሰላም ምን እንደሆነ ከኔ መጽሐፍ በላይ ያውቃሉ ብዬ ነበር። ከዚያ የዕድሩን ነገር ነገሩኝ።

የጁባ ሐበሾች አንድ ዕድር ነበራቸው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስቀምጣል፣ ያበላል፣ ሬሳውን አገር ቤት ይሸኛል። አገር ቤት ጦርነቱ ሲነሳ አንዱ ስብሰባ ላይ "የእናንተ ሰዎች" አለ፤ ሌላው "የእናንተስ?" አለ፤ ዕድሩ ለሁለት ተከፈለ። በአንዱ በኩል እትዬ አሉ፤ በሌላው ካስተም ገበያ አጠገብ ምግብ ቤት ያላቸው አንድ ትልቅ ሰው። ዕቃ ሲካፈሉ ድንኳኑ ለእትዬ ወገን፣ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ብረት ድስቶች ለባለ ምግብ ቤቱ ወገን ደረሱ። ከዚያ ወዲህ በእትዬ ወገን ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ በወዲያኛው ወገን ሲሞት ወንበር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። የጁባን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል! ሁለቱም ሽንኩርትና ቲማቲም የሚገዙት ከኡጋንዳ ከሚመጣ ከአንዱ ከባድ መኪና ላይ ነው፤ ግን ሰላም አይባባሉም።

"እና አገር ቤት የሚዋጉት ይህን ሰምተው ተኩስ አቆሙ?" አልኳቸው እትዬን።

"አንቺ ልጅ፣ የማይገባሽን አትናገሪ" አሉና ጣሳቸውን ይዘው ወጥ ቤት ገቡ።

ስልኩ በተቋረጠ በአምስተኛው ሳምንት የእትዬ ፀባይ ተለወጠብኝ። ወደ ሳሎኑ ስገባ ወሬ ይቆማል። ቴሌቪዥን ላይ የአገር ቤት ዜና ሲመጣ ብድግ ብለው ያጠፉታል። ያላዘዝኩት ምግብ ክፍሌ ድረስ ይመጣል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ ሽማግሌ፣ የጋራዥ ባለቤት፣ በሐበሾች ዘንድ የተከበሩ ሰው፣ ከሩቅ አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐሙስ ማታ እራት ስበላ እትዬ አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ያዙኝ።

"አንቺ ጠንካራ ነሽ?" አሉኝ።

"ለምን ጠየቁኝ?"

"እንዲያው ነው። መቻል ትችያለሽ?"

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ጥያቄ ማንኛውም የአገሬ ሰው ያውቀዋል። መርዶ ሊነግሩህ ሲያስቡ መጀመሪያ ልብህን ይለካሉ። ክፍሌ ገብቼ ለእህቴ ደወልኩ። "እማዬ ደህና ናት" አለችኝ፣ ገና ሳልጠይቃት። ቸኩላ መመለሷ አረዳኝ። ምሎ የዋሸ ሰው እንዴት ነው የሚጠየቅ? እንደገና አስማልኳት፤ እንደገና ማለች፤ "እማዬ በሕይወት አለች" አለች፤ አለቀሰችም። ለምን ታለቅሳለች ታዲያ?

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፤ ከእነሱ ኋላ እትዬ አንገታቸውን ደፍተው። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በዚህ ሰዓት ነው፤ በዚህ አለባበስ ነው፤ በእነዚህ ሰዎች ነው።

"ልጄ፣ እስቲ ተቀመጪ" አሉ ሽማግሌው። "የመጣንበት ነገር ትንሽ ከበድ ያለ ነው።"

ከዚህ በላይ አልሰማሁም። "እናቴን!" ብዬ ጮህኩ። ወለሉ ላይ ወደቅሁ፤ ፊቴን ነጨሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ ያፈንኩት ሁሉ ወጣ። ሽማግሌው ለአፍታ ደንግጠው ቆሙ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና "እኔን! እኔን ልጄን!" እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። ሁለቱ ተከተሉ። የእትዬ ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ።

ሐበሻ ለቅሶ ላይ ይፈጥናል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ከመጋዘን ወጥቶ ግቢው ውስጥ ከማንጎው አጠገብ ተተከለ። ዘበኛው መስታወቱን ጥሎ ገመድ ይወጥራል። ከዚያ እትዬ ድንኳኑን ዞር ዞር ብለው አዩት። የአገር ሰው ሊመጣ ነው፤ ወንበር የለም። ሹፌራችን የሆነውን ሰምቶ መጥቶ ስለነበር "እኔ ካስተም ልሂድ?" አላቸው። እትዬ ሂድ አላሉትም፤ አትሂድም አላሉትም።

ባለ ምግብ ቤቱ ወንበር ላኩ ሲባሉ አልላኩም፤ ራሳቸው ይዘው መጡ። ብረት ድስቶቹንም ጭነዋል። ከመኪናው ወርደው ድንኳኑ አፍ ላይ ሲደርሱ እትዬ ከፊታቸው ቆመዋል። ለቅሶ ቤት መጥቶ የሚያኮርፍ ሰው የለም፤ ሰው ከሚለው ስም ያስወጣል። አንገት ለአንገት ተያይዘው ተላቀሱ። ከዚያ የሁለቱም ወገን ሰው እየመጣ፣ በአንዱ ድንኳን ሥር በሌላው ወንበር ላይ እየተቀመጠ ግቢው ሞላ። እኔ መሃል ላይ ተቀምጬ እናቴን አለቅሳለሁ።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ በስልክ ነው የነገሩሽ? ምን ዓይነት ጨካኝ ሰው ነው ሌሊት ደውሎ የነገረሽ?"

"ማንም አልደወለልኝም።"

"ታዲያ ማን አረዳሽ?"

"እናንተ ናችኋ!"

"እኛ?"

ሽማግሌው ከዘራቸውን አቀፉት። "እኛማ ዕድሩን አስታርቂን ልንልሽ ነበር የመጣነው" አሉ። "ሰላም ታስተምራለች ሲሉን፣ አገርሽም የሁለቱ ወገን ወሰን ላይ ነው ሲሉን፣ ይህቺ ልጅ ለሁለቱም ትሆናለች ብለን። እነዚህ ሰዎች ክፉ ይናገሩሻልና መቻል ትችል እንደሆነ ጠይቁልን ብለን ለእትዬ ነግረን ነበር፤ የአገርሽም ስልክ ስለተቋረጠ ዜናው እንዳያስጨንቅሽ ጠብቁልን ብለን ነበር።"

እትዬ ከመቀመጫቸው ተነሱ። እንባቸው ገና አልደረቀም። "አንቺ ልጅ! የሰው እናት በቁሟ ቀበርሽ!" ብለው ጮሁብኝ።

"እኔ ነኝ?" አልኳቸው፤ ድምፄ ከእሳቸው በለጠ። "ቴሌቪዥን የሚያጠፋ ማን ነው? ጠንካራ ነሽ ወይ ብሎ እጄን የያዘኝ ማን ነው? ሽማግሌ በንጋት የሚልክ ማን ነው? አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ እንኳ በዚህ አገር ቀጥ ብሎ አይናገርም?"

እናቴ ትኑር አትኑር የሚያውቅ ሰው በዚያ ሁሉ ወንበር ላይ አልነበረም። ባለ ምግብ ቤቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እንግዲህ ሰው ካልሞተ ወንበሮቹን..." ብለው መነሳት ሲጀምሩ ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት መቱ።

"ተቀመጥ! ለሞተ ሰው የተቀመጥክ በሕይወት ላለ መቀመጥ ያቅትሃል?"

ተቀመጡ። የተቀመጡት ተፋቅረው አይመስለኝም፤ ቀድሞ የተነሳ እንዳይባሉ ነው። ድንኳኑ እንዳይነሳ፣ ወንበሩ እንዳይጫን፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ የዕርቅ ምሳ እንዲበላ ተወሰነ። እኔም እንድናገር ተወሰነ። ማንም እሺ ትያለሽ ወይ አላለኝም።

እሑድ በባለ ምግብ ቤቱ ድስት በእትዬ ወጥ ቤት የተሠራ የበግ ወጥ ቀረበ። ሽማግሌው ድፎውን ባርከው ቆረሱ። እትዬና ባለ ምግብ ቤቱ ተጎራርሰዋል፤ ጉርሻው አንቋቸው እንደሆነ ግን እንጃ። እኔ ልናገር ተነስቼ አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የእናቴ ነው።

"ልጄ?"

"እማዬ! አለሽ?"

"አለሁ። የት እሄዳለሁ?" እናቴ መሆኗን ለማረጋገጥ ከዚህ በላይ አያስፈልገኝም። ስልኩ ዛሬ ጠዋት ነው የተለቀቀው አለችኝ። ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ፤ ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

"ምን እልልታ ነው? ሠርግ ላይ ነሽ?"

"ዕርቅ ነው፣ እማዬ። ሰዎች እየታረቁ ነው።"

"ተመስገን። የታረቀ ሰው መስማት እንዴት ደስ ይላል።"

"እስቲ ወንድሜን አገናኚኝ" አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "እማዬ?" አልኩ።

"ጠበል ገብቷል" አለችኝ።

ከድንኳኑ ወጥቼ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሄድኩ። ወንድሜ ጠበል አይሄድም። እማዬ በግድ ስትረጨው "ሬዲዮ እንዳታበላሺ" እያለ የሚቀልድ ልጅ ነው።

"እማዬ፣ ለኔ ጠበል አትበይኝ።"

"ጠበል ነው ያልኩሽ። ወገቡን ትንሽ አሞት ነው።"

"መቼ ነው የገባው?"

"ስልኩ በተቋረጠ ሳምንት" አለች፣ ድምፅዋ ተሰበረ። "ስትመጪ በሰው መሃል እንነጋገራለን። አሁን ሰው አገር ነሽ። ብቻሽን ነሽ። አትጠይቂኝ፣ ልጄ።"

አልጠየቅኋትም። ታንከሩን ተደግፌ ቆሜ እህቴ ስትምል የነበረውን አሰብኩ። እማዬ ደህና ናት፤ እማዬ በሕይወት አለች። አንድም ጊዜ ስለ ወንድሜ አልማለችም፤ እኔም አላስማልኳትም። እሱ ወጣት ነው፣ እሱ ጠንካራ ነው ብዬ ለእናቴ ብቻ ስጨነቅ አምስት ሳምንት ከሞተ ሰው ጋር ስኖር ነበር። በጥይት ይሁን፣ በማን ጥይት ይሁን፣ የማንን ሬዲዮ ጠገንክ ተብሎ ይሁን አላውቅም። የወጡት አሸባሪ ብለውት ይሁን የገቡት፣ አላውቅም።

ወደ ድንኳኑ ስመለስ ሁሉም አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። እትዬና ባለ ምግብ ቤቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወንድሜ ሞቷል ብላቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ "ማን ገደለው?" ነው። ገና "እኔን" ሳይሉ አንዱ ወደ ሌላው ያያል። ሳምንት ሳይሞላ ወንበሩ ካስተም ይመለሳል።

"እንዴት ናቸው ልጄ?" አሉ ሽማግሌው።

"ደህና ናቸው" አልኩ። "ሁሉም ደህና ናቸው።"

እትዬ እልልታውን እንደገና አነሱት። ባለ ምግብ ቤቱ አቀፉኝ። ተናገሪ አሉኝ፤ ተናገርኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ቁጭ ብዬ የበግ ወጥ በላሁ። አራት ወር ጠበል ሲሉኝ የከረሙትን በዚያች ሰዓት ይቅር አልኳቸው ማለት አልችልም። አልተናደድኩባቸውም ማለትም አልችልም። ያው እንደነሱ ሆንኩ፤ ይኸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ሹፌሩ መጣ። የዕለቱ ትምህርት ምዕራፍ አራት ነበር፤ አንቀጿ ገና ባዶ ናት። መኪናው በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዘበኛው መስታወቱን ይዞ መዞር ጀመረ።

"ትናንት ታረቁ አሉ" አለኝ ሹፌሩ።

"አዎ።"

"እናትሽ ደወሉ አሉ።"

"አዎ።"

"አንቺም ሁሉም ደህና ናቸው አልሽ አሉ።"

"አዎ።"

ከፊቱ በተሰቀለው መስታወት አላየኝም። ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ።

"ማን ነው የሞተው?" አለኝ።

በዚያ ሁሉ ሳምንት ቀጥ አድርጎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

"ወንድሜ" አልኩት።

"ማሌሽ፣ አይዞሽ እህቴ" አለኝና ሞተሩን አጠፋው። ዘበኛው ዞሮ ጨረሰ፣ ቀና አለ፣ "ተማም" ብሎ በሩን ከፈተልን። ከኋላችን የቆመው መኪና ጡሩምባ እስኪነፋብን ድረስ እዚያው በሩ ላይ ቆመን እኔ አለቀስኩ።